ኦሬንጅ ወንዝ ብርቱካናማ አይደለም

የደቡባዊ አፍሪካን ካርታ ገልጣችሁ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋውን ረጅም ሰማያዊ መስመር ብትከተሉ «ኦሬንጅ ወንዝ» የሚል ስም ታገኛላችሁ። ወዲያው ወደ አእምሯችሁ ምን መጣ? ቀለሙ፣ አይደል? «ውኃው ብርቱካናማ ስለሆነ ነዋ!» ብሎ መመለስ ቀላል ነው። መልሱ ደግሞ ያሳምናል፤ ወንዙ በዝናብ ወቅት ደለል ተሸክሞ ሲወርድ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ መልክ አለው። ብዙ ሰው በዚህ ረክቶ ያልፋል።

ነገር ግን ስሙ ከቀለሙም ሆነ ከፍራፍሬው ጋር አይገናኝም። የወጣው ወንዙን በዓይኑ አይቶት ለማያውቅ፣ ሆላንድ ውስጥ ለሚኖር አንድ ልዑል ክብር ነው።

ታዲያ ወንዙ ከዚያ በፊት ስም አልነበረውም? ነበረው እንጂ፤ ያውም ከአንድ በላይ። የስሙ ታሪክ ወሬ ማሳመሪያ ብቻ ቢሆን እዚህ ባልደከምንበት ነበር። ስም ያወጡለት ሰዎች ቆይተው ድንበር አሰመሩበት፤ ከዚያ ግድብ ሠሩበት። ዛሬም ውኃውን ማን ይጠጣዋል፣ ማን ይከፍልበታል፣ ማን ደግሞ አጠገቡ ተቀምጦ ይጠማል የሚለው ጥያቄ ከዚያ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። እስኪ ከምንጩ እንጀምር። (በጽሑፉ ውስጥ የምታገኟቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለቅርቡ ባሕር ጀርባውን የሰጠ ወንዝ

ወንዙ የሚነሣው ሌሶቶ ውስጥ ነው። ሌሶቶ ዙሪያዋን ሙሉ በሙሉ በደቡብ አፍሪካ የተከበበች ትንሽ ተራራማ አገር ናት። ማሎቲ በሚባሉት ተራሮቿ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ምንጮችና ረግረጋማ ቦታዎች የሚያወጡት ውኃ ተሰባስቦ ወንዙን ይጀምረዋል። ቦታው በጣም ይቀዘቅዛል፤ በብርዱ ወራት በረዶ ይጥላል።

አሁን አንድ እንግዳ ነገር ልብ በሉ። ከዚህ ቦታ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ለሚሄድ የሕንድ ውቅያኖስ 200 ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም። ወንዙ ግን ለዚህ ቅርብ ባሕር ጀርባውን ይሰጥና ወደ ምዕራብ ይዞራል። ከዚያ 2,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ አህጉሩን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። ምን አስኬደው?

መልሱ ያለው በመሬቱ ቅርጽ ነው። የዛሬ 180 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ደቡባዊ አፍሪካ ጎንድዋና የተባለው ግዙፍ አህጉር አካል ነበረች። አህጉሩ ሊሰነጠቅ ሲል ከመሬት ውስጥ የወጣው ቅልጥ ዐለት እየተደራረበ ፈሰሰና ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ውፍረት ያለው የባዛልት ድርብርብ ሠራ። በኋላ አህጉሩ ተሰነጣጥቆ ሲለያይ የምሥራቁ ጠርዝ ትልቅ ገደል ሆኖ ቀረ። ዛሬ ድራከንስበርግ የምንለው ይህንን ነው። ከገደሉ በስተጀርባ ያለው መሬት ደግሞ ቀስ እያለ ወደ ምዕራብ ያዘነብላል። ውኃ ቅርብ የሆነውን ባሕር አይመርጥም፤ ዝቅ ያለውን መንገድ ነው የሚከተለው። ስለዚህ ከገደሉ ጫፍ በምዕራብ በኩል የወደቀ ዝናብ አሕጉሩን አቋርጦ ከመሄድ ሌላ አማራጭ የለውም።

መንገዱ ቀላል አይደለም። ምንጩ አካባቢ በዓመት እስከ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ፣ ባሕር የሚገባበት ቦታ ላይ 50 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ወንዙ ከእርጥቡ ተነሥቶ ወደ በረሃው ነው የሚሄደው፤ በመጨረሻው ረጅም ጉዞው ከሚያገኘው ይልቅ በትነት የሚያጣው ይበልጣል። ተፋሰሱ ወደ 1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ሌሶቶን፣ ደቡብ አፍሪካን፣ ቦትስዋናንና ናሚቢያን ይነካል። በቦትስዋና በኩል ያሉት ገባሮች ግን ካላሃሪ በረሃ ውስጥ ስለሚደርቁ ለወንዙ ውኃ አያዋጡም ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ ቁጥር አንዱን ብቻ ያዙልኝ። ሌሶቶ ከተፋሰሱ ስፋት የምትሸፍነው 3 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ከወንዙ ውኃ ግን 40 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከእሷ ነው። ወደዚህ ቁጥር በኋላ እንመለሳለን።

አንድ ወንዝ፣ ብዙ ስም

በሌሶቶ የሚኖሩት ባሶቶዎች ወንዙን ሴንቁ ይሉታል። እኛ በ«ቁ» ጻፍነው እንጂ ድምፁ ሌላ ነው፤ እነሱ እዚህ ጋ ምላሳቸውን ከላንቃቸው በፍጥነት አላቅቀው ያጮኹታል። እንዲህ ዓይነቱ የምላስ ጩኸት በደቡባዊ አፍሪካ ቋንቋዎች ውስጥ እንደ ማንኛውም ፊደል የሚያገለግል ድምፅ ነው። በእኛ ፊደል የሚወክለው የለም።

ወደ ታች ስንወርድ፣ በወንዙ መካከለኛና የታችኛው ክፍል ለረጅም ዘመን የኖሩት የኮይኮይ ሕዝቦች ጋሪብ ብለውታል፤ ይህም የሚጀምረው በምላስ ጩኸት ነው። ትርጉሙ በቀላሉ «ወንዝ» ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ሌላ ትልቅ ወንዝ በሌለበት ደረቅ አገር «ወንዙ» ካሉ በቂ ነበር፤ የትኛው ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ስሙ በአውሮፓውያን አፍ ውስጥ አልፎ ዛሬ ጋሪፕ እየተባለ ይጻፋል።

ከኬፕ ታውን ተነሥተው ወደ ሰሜን የሄዱ የሆላንድ ሰፋሪዎች ወንዙን ሲያገኙት «ትልቁ ወንዝ» አሉት፤ ይህ ስም የኮይኮዮቹ አጠራር እንደመቀጠል ነው። ወንዙን ተሻግሮ በጽሑፍ የተመዘገበው የመጀመሪያው አውሮፓዊ ያኮቡስ ኩትሴ የተባለ ዝሆን አዳኝ ሲሆን ጊዜው 1760 ነበር።

ከዚያ 1779 መጣ። ሮበርት ያኮብ ጎርደን የሆላንድ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በኬፕ ያሰፈረው ጦር መኮንን ነበር፤ በአገር አሳሽነቱም ይታወቃል። በነሐሴ ወር አጋማሽ ወንዙ ባሕር የሚገባበት ቦታ ደረሰ። ጀልባ ወደ ውኃው አስገባ፣ የሆላንድን ባንዲራ ሰቀለ፣ ለመንግሥቱና ለልዑሉ ጽዋ አነሣ። ከዚያም ወንዙን በኦሬንጁ ልዑል በዊልያም አምስተኛ ስም ጠራው። አበቃ። በአካባቢው ይኖር የነበረውን ሰው «እናንተ ምን ትሉታላችሁ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ለአለቃ ክብር መስጠት የዘመኑ ልማድ ነበር።

እሺ፣ ልዑሉስ «ኦሬንጅ» የሚለውን ስም ከየት አመጣው? የቤተሰቡ ማዕረግ የመጣው ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ካለች ኦራንዥ ከምትባል ከተማ ነው። ከተማዋ በሮማውያን ዘመን አራውሲዮ ትባል ነበር፤ አራውሲዮ ደግሞ የጥንት ኬልቶች የሚያመልኩት የውኃ አምላክ ስም ነው። ፍራፍሬው የመጣው በሌላ መንገድ ነው፤ ስሙ ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ በኩል አውሮፓ ገባ። ሁለቱ ቃላት በድምፅ እየተመሳሰሉ ሄደው አንድ ሆኑ። (የእኛም «ብርቱካን» የራሱ ታሪክ አለው፤ በዐረብኛ በኩል የመጣ ሲሆን መነሻው ፖርቱጋል የሚለው የአገር ስም ነው።) እናም ምን ሆነ መሰላችሁ? በአንድ የውኃ አምላክ የተሰየመች ከተማ ለአንድ ቤተሰብ ስሟን ሰጠች፤ ቤተሰቡ ለልዑሉ፣ ልዑሉ ደግሞ ለአፍሪካ ወንዝ። ስሙ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ውኃ ላይ መልሶ ወደቀ። ከቀለም ጋር ግን የትም ቦታ ላይ አልተገናኘም።

የሚገርመው ትክክለኛ የቀለም ስም ያለው ዋናው ገባሩ ነው፤ ቫል ወንዝ። «ቫል» በሆላንድኛና በአፍሪካንስ «ግራጫ፣ የደበዘዘ» ማለት ሲሆን፣ የኮይኮዮቹ የቆየ ስም ትርጉም ነው። ሌላው ገባሩ ካሌዶን በአንድ የእንግሊዝ የኬፕ ገዢ ስም የተሰየመ ነው፤ ባሶቶዎቹ ሞሆካሬ ይሉታል። ወንዙ ከ56 ሜትር ከፍታ የሚወረወርበትን ፏፏቴ ደግሞ ጆርጅ ቶምፕሰን የተባለ እንግሊዛዊ ተጓዥ በ1824 «የንጉሥ ጆርጅ ፏፏቴ» ብሎ ነበር። ይኼኛው ስም ግን አልጸናም። ዛሬ ሁሉም ሰው አውግራቢስ ነው የሚለው፤ በኮይኮይ ቋንቋ «የታላቅ ጩኸት ቦታ» እንደማለት ነው። ፏፏቴው አጠገብ ለቆመ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በስም የጀመረው በመስመር ቀጠለ

19ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ወንዙ የድንበር መስመር መሆን ጀመረ። በ1854 በኦሬንጅና በቫል ወንዞች መካከል ያለው አገር «ኦሬንጅ ፍሪ ስቴት» ተብሎ የቦር ሰፋሪዎች ሪፐብሊክ ሆነ። ሪፐብሊኩ ከባሶቶዎች ጋር በመሬት ደጋግሞ ተዋጋ። የባሶቶዎቹ ንጉሥ ቀዳማዊ ሞሹሹ ሕዝባቸውን ለማዳን የእንግሊዝን ጥበቃ ጠየቁ፤ እንግሊዝም በ1868 አገሪቱን በግዛቷ ሥር አደረገች። በማግሥቱ ዓመት በተፈረመው ውል ድንበሩ ካሌዶን ወንዝን ተከትሎ ተሰመረ። ባሶቶዎች ከወንዙ ማዶ የነበረውን ለምና ለእርሻ የሚመች መሬታቸውን አጡ። የቀራቸው በአብዛኛው ተራራው ነበር።

ከዚያ በታችኛው የወንዙ ክፍል ሌላ መስመር መጣ። በ1890 እንግሊዝና ጀርመን በአፍሪካ የያዟቸውን ግዛቶች ሲከፋፈሉ፣ የዛሬዋ ናሚቢያ ለጀርመን፣ ኬፕ ለእንግሊዝ ሆነው በመካከላቸው ያለው ድንበር የኦሬንጅ ወንዝ ሰሜናዊ ዳርቻ እንዲሆን ተስማሙ። ቃሉን ልብ በሉት፦ መሐሉ አይደለም፣ ዳርቻው ነው። ድንበር የሆኑ ወንዞች አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈሉት በመሐላቸው ወይም ጥልቁን ፍሰት በሚከተል መስመር ነው። እዚህ ግን ውኃው ሙሉ በሙሉ የደቡቡ ጎረቤት ሆነ። የሰሜኑ ሰው እግሩን ውኃው ውስጥ ከነከረ ሌላ አገር ገባ ማለት ነው።

ይህ ደግሞ የምሕንድስና ሰው ራስ የሚያሳክክ ጥያቄ ያመጣል። የወንዝ ዳርቻ የት ነው? ወንዝ ይሞላል፣ ይጎድላል፣ ዳሩን ይሸረሽራል፣ ደሴት ይሠራል። ውኃው ሞልቶ ወደ ሰሜን 100 ሜትር ቢሰፋ ድንበሩም አብሮ 100 ሜትር ሄደ ልንል ነው?

ናሚቢያ በ1990 ነፃ ስትወጣ ሕገ መንግሥቷ ላይ ደቡባዊ ድንበሯ እስከ ኦሬንጅ ወንዝ መሐል ድረስ መሆኑን ጻፈች። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ የ1890ውን መስመር ይዛ ቀረች። የምትጠቅሰው መከራከሪያ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ በ1963 የተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በማግሥቱ ዓመት ካይሮ ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ አገሮች ነፃ ሲወጡ የነበራቸው ድንበር እንዲከበር ወስኖ ነበር። ሐሳቡ ጦርነትን ለመከላከል ነው፤ ሁሉም ቅኝ ገዢዎች ያሰመሩትን መስመር ልቀይር ቢል ማቆሚያ አይኖረውም። እዚህ ወንዝ ላይ ሲደርስ ግን ያው መርሕ አንዱን አገር ደጁ ላይ ካለው ውኃ ያለ ድርሻ የሚያስቀር ሆነ። በናሚቢያ በኩል ያለችው የድንበር ከተማ ስሟ ኖርዱቨር ነው። በአፍሪካንስ ትርጉሙ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ሰሜናዊ ዳርቻ»።

አልማዝ የሚያበጥር ወንዝ

ለአንድ የወንዝ ዳር ይህን ያህል ክርክር ለምን? አንዱ ምክንያት ውኃው ነው። ሌላው ውኃው ይዞት የወረደው ነገር ነው።

አልማዝ የሚፈጠረው ከምድር ወለል 150 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ጥልቀት ላይ፣ በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ነው። ወደ ላይ የሚያወጣው ኪምበርላይት የሚባል እሳተ ገሞራዊ ዐለት ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከደቡብ አፍሪካዋ ኪምበርሊ ከተማ ነው። ዝናብና ወንዝ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ እነዚህን ዐለቶች ከላይ እየሸረሸሩ በውስጣቸው ያለውን አልማዝ ይዘው ወረዱ። በ1867 ሆፕታውን ከምትባል በወንዙ አቅራቢያ ካለች ከተማ አካባቢ የተገኘ ድንጋይ አልማዝ መሆኑ ታወቀ፤ ከ21 ካራት በላይ ነበር። የደቡብ አፍሪካ የማዕድን ዘመን ከዚያ ወዲህ ነው።

ወንዙ ግን አልማዝ ማጓጓዝ ብቻ አይደለም የሠራው፤ አበጥሯል። በውስጡ ስንጥቅ ያለበት ድንጋይ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ጉዞ ከሌላ ድንጋይ ጋር ሲጋጭ ይሰባበራል። ባሕር የሚደርሰው ጤነኛው ነው። ለዚህ ነው በወንዙ አፍና በናሚቢያ ባሕር ዳር ከሚገኙት አልማዞች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ለጌጥ የሚውሉት። ባሕር ከገቡ በኋላ ደግሞ ከደቡብ ምዕራብ የሚመታው ማዕበል እየገፋ ወደ ሰሜን፣ በበረሃው ዳርቻ በተናቸው።

በ1908 ሉደሪትስ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ አቅራቢያ ዘካርያስ ሌዋላ የተባለ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ አሸዋ ሲጠርግ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ አግኝቶ ለጀርመናዊ አለቃው ሰጠ። አለቃው ባለሀብት ሆነ፤ ሌዋላ ሽልማት አላገኘም። የጀርመን መንግሥት ወዲያው ከወንዙ ጀምሮ ወደ ሰሜን ያለውን ሰፊ የባሕር ዳር በረሃ «የተከለከለ ቀጠና» ብሎ ዘጋው። እንግዲህ የድንበሩ መስመር ወደ ባሕር ሲዘረጋ በየት በኩል ይሂድ የሚለው ነገር ቀልድ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ወንዙ የታጠፈባቸው ዋሻዎች

እስካሁን ያየነው ሰዎች በወረቀት ላይ ያደረጉትን ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግን ወንዙ ራሱ መንገዱን መቀየር ጀመረ፤ ማለትም አስቀየሩት።

በ1971 ሥራው የተጠናቀቀው የደቡብ አፍሪካ ትልቁ ግድብ 88 ሜትር ቁመትና 914 ሜትር ርዝመት አለው። የሚይዘው ውኃ ከ5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይበልጣል። ሲመረቅ የተሰጠው ስም የአፓርታይድ ዋና ቀያሽ የነበሩት የጠቅላይ ሚኒስትር ሄንድሪክ ፍርቩርት ስም ነበር። አፓርታይድ ከወደቀ በኋላ፣ በ1996፣ ጋሪፕ ግድብ ተባለ። ወንዙ በካርታ ላይ ኦሬንጅ እንደሆነ ቀርቶ የጥንት ስሙ ግድቡ ላይ ተመለሰ።

ከዚህ ግድብ 83 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 5.3 ሜትር ስፋት ያለው ዋሻ ተራራ ሰንጥቆ ወደ ደቡብ ይሄዳል። በ1975 ነው ያለቀው። ፓምፕ አያስፈልገውም፤ መግቢያው ከመውጫው ከፍ ያለ ስለሆነ ውኃው በራሱ ክብደት ይወርዳል። ከዚያ ግሬት ፊሽ ወንዝን ይቀላቀላል፣ እርሻ ያጠጣል፣ ቀድሞ ፖርት ኤልዛቤት ትባል ለነበረችው ከተማም ይደርሳል። ከተማዋ ከ2021 ጀምሮ በኮሳ ቋንቋ ግቄቤርሃ ተብላለች፤ የሚገርመው ይህም በመሐሏ የሚያልፍ ወንዝ ስም ነው።

የግድቦቹ መዘዝም አለ። ድሮ ወንዙ በደረቁ ወራት በጣም ይጎድል ነበር፤ ያን ጊዜ በፈጣኑ ውኃ ውስጥ የሚራቡት የጥቁር ዝንብ እጮች ይደርቃሉ። ግድብ ግን ዓመቱን ሙሉ የተመጣጠነ ውኃ ይለቅቃል። ለእርሻው ጥሩ፣ ለዝንቡም ጥሩ። በታችኛው ወንዝ ዳር ያሉ በግ አርቢዎች በዝንቡ መንጋ በጣም ተቸግረዋል። ፍሰትን ስናስተካክል የምናስተካክለው ውኃውን ብቻ አለመሆኑን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ሌሶቶ እንመለስ፤ ያቺን 40 በመቶ አስታወሳችኋት? ለሙን መሬት አጥተው ተራራው ብቻ የቀራቸው ባሶቶዎች፣ ለካ የቀራቸው የአካባቢው የውኃ ማማ ነበር። በዚያው በደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጆሃንስበርግ በ1886 ወርቅ ተገኝቶ የተቆረቆረች ናት፤ ትልቅ ወንዝ አጠገቧ የለም። እያደገች ስትሄድ ውኃ አነሳት። በ1986 ሁለቱ አገሮች የሌሶቶ ደጋማ ቦታዎች የውኃ ፕሮጀክት ውል ተፈራረሙ፦ ሌሶቶ ውኃ ትሸጣለች፣ ደቡብ አፍሪካ ትከፍላለች።

የፕሮጀክቱ ዋና ሥራ ካትሴ ግድብ ነው፤ 185 ሜትር ከፍታ አለው። ቅርጹ ቅስት ነው፤ ሆዱን ወደ ውኃው ነፍቶ በሁለት ጎኑ ተራራውን ተደግፎ ይቆማል። ለምን? ውኃ በየ10 ሜትሩ ጥልቀት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት ይጨምራል። 150 ሜትር ላይ 15 ኪሎ ማለት ነው፤ ያውም የአውራ ጣታችሁን ጥፍር በምታክል ስፋት ላይ። ቀጥ ያለ ግድግዳ ይህን ሁሉ በክብደቱ መቋቋም አለበት። ቅስት ግን ግፊቱን ወደ ጎን ወስዶ ለተራራው ያስረክባል፤ ኮንክሪቱ ሲጨመቅ ደግሞ ይበልጥ ጠንካራ ነው። ተራራውም ዝም ብሎ አልተቀበለም። ሐይቁ መሙላት ሲጀምር የውኃው ክብደት በአካባቢው ትንንሽ የመሬት መንቀጥቀጦች አስነሥቶ በአንድ መንደር መሬት እስከመሰንጠቅ ደርሷል።

ከካትሴ ውኃው በዋሻ ወደ ሙዌላ ይወርዳል። እዚያ 72 ሜጋ ዋት ኃይል ለሌሶቶ ያመነጭና በሌላ ዋሻ ድንበር ተሻግሮ ወደ ቫል ወንዝ ሥርዓት ይገባል፤ ከዚያም ጆሃንስበርግና አካባቢዋ። የመጀመሪያው ውኃ የደረሰው በ1998 ነበር።

የአንዲት ጠብታ ሦስት ዕጣ

እስኪ ማሎቲ ተራራ ላይ የወደቀች አንዲት የዝናብ ጠብታ እንከተል። የድሮዋ ጠብታ አንድ መንገድ ብቻ ነበራት፦ ሴንቁ፣ ጋሪብ፣ አትላንቲክ።

የዛሬዋ ጠብታ ዕድሏ ሦስት ነው። በወንዙ ከወረደች እንደ ድሮው አትላንቲክ ትደርሳለች፤ መንገድ ላይ ወይን ውስጥ ካልገባች ወይም ካልተነነች። ጋሪፕ ግድብ ላይ ወደ ዋሻው ከተጠለፈች ወደ ደቡብ ታጥፋ የሕንድ ውቅያኖስ ልትገባ ትችላለች፤ ያንኑ ወንዙ ጀርባውን የሰጠውን ባሕር። ሦስተኛው መንገድ ይበልጥ ይገርማል። ጠብታዋ በካትሴ በኩል ጆሃንስበርግ ደረሰች እንበል። ከተማዋ የተሠራችው ዊትዋተርስራንድ በሚባል ሸንተረር ላይ ነው፤ «የነጭ ውኃዎች ሸንተረር» ማለት ሲሆን፣ እውነትም ውኃ የሚከፍል መሬት ነው። በደቡብ በኩል ያለ ቤት የተጠቀመበት ውኃ ተጣርቶ ወደ ቫል፣ ከዚያም ወደ ኦሬንጅ ይመለሳል። በሰሜን በኩል ያለው ቤት የተጠቀመበት ግን ወደ ሊምፖፖ ወንዝ ይወርድና በሞዛምቢክ አድርጎ የሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። ጠብታዋ የትኛው ባሕር እንደምትገባ የሚወስነው ማን እጁን እንደታጠበባት ነው።

ዊልያም አምስተኛ፣ የ1890ው ውል ፈራሚዎችም ሆኑ የግድቡ ስም አውጪዎች ይህንን አላሰቡትም። በመስመር የከፋፈሉት ውኃ አሁን ከመስመሮቻቸው በላይ ነው የሚሄደው። ጆሃንስበርግ ውስጥ ቧንቧ የሚከፍት ሰው የሌሶቶን ዝናብ ይጠጣል። ኖርዱቨር ላይ ወይን የሚያለማ ናሚቢያዊ የሚጠብቀው ከላይ ያሉት ግድቦች የሚለቅቁትን ነው። ከሁሉም ከባዱ ደግሞ ሌሶቶ ውስጥ ነው፦ ለግድቡ መሬታቸውን የለቀቁ፣ ሐይቁን ቁልቁል እያዩ ንጹሕ ውኃ ፍለጋ ጀሪካን ተሸክመው የሚሄዱ የመንደር ሰዎች አሉ። ውኃው በዋሻ አገር ለመሻገር የታቀደ ነበር፤ ዳገቱን ወጥቶ እነሱ ጋ ለመድረስ አልነበረም። ይህ የቴክኒክ አለመቻል አይደለም። 185 ሜትር ግድብ ያቆመ ምሕንድስና ለአንድ መንደር ቦኖ መትከል አያቅተውም። ማንን እናስቀድም የሚል የሰው ውሳኔ ነው። አሁን ደግሞ ፖሊሃሊ የተባለ ሌላ ትልቅ ግድብ እዚያው ተራሮች ላይ እየተሠራ ስለሆነ ጥያቄው ገና አልተዘጋም።

ተስፋ የሚሰጥም ነገር አለ። አራቱ የተፋሰሱ አገሮች በ2000 በስምምነት አንድ የጋራ ኮሚሽን አቋቁመዋል። የኮሚሽኑ ስም «የኦሬንጅ-ሴንቁ ወንዝ ኮሚሽን» ነው። ልዑሉም አለበት፣ ባሶቶዎቹም አሉበት። የድንበር ክርክሩ ባያበቃም፣ ቢያንስ አንድ ጠረጴዛ ላይ የምንጩ ስም ከካርታው ስም ጎን ተጽፏል።

እናንተም በአቅራቢያችሁ ያለውን ወንዝ ይዛችሁ ሞክሩት። ምንጩ ላይ ያሉ ሰዎች ምን ይሉታል? ወደ ታች ሲወርድስ ስሙ ይቀየራል? ስሙን ማን አወጣው? ከቤታችሁ የሚወጣው ውኃ በመጨረሻ የት ይደርሳል? አያቶቻችሁን ጠይቁ፣ ካርታ ላይ ተከተሉት። እስከሚቀጥለው ቸር ሰንብቱ።